መብራቱ ሳይበራ "ተፈቷል" ያለኝ ስልክ

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ማታ ስገባ በስልኬ ብርሃን ነው እግሬን የማሳርፍበትን የማየው። አንድ ጎረቤቴ "መተግበሪያ አለኮ፣ በስልክህ ማመልከት ትችላለህ" አለኝ። ጫንኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ፎቶ ታነሳለህ፣ ካርታው ላይ ቦታውን ትነካለህ፣ ትልካለህ። ወዲያው የማመልከቻ ቁጥር መጣልኝ። "ጥቆማዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" የሚል መልእክትም ተከተለ። አቤት ዘመን! ብዬ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። "ያመለከቱት ችግር ተፈቷል" ይላል። ጎኑ ላይ አረንጓዴ የራይት ምልክት አለ። ከስር ደግሞ "አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑ" የሚል። ይህን መልእክት የት ቆሜ እንዳነበብኩት ታውቃላችሁ? እዛው ምሰሶ ስር። ጨለማ ውስጥ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ነገሩ ገረመኝ። ቴክኖሎጂው የትም ቦታ አልተሰናከለም። ፎቶው ደርሷል። ቦታው ተመዝግቧል። መልእክቱ በሰዓቱ መጥቷል። ከመብራቱ በቀር ሁሉም ነገር ሠርቷል።

ውሎዬ ከሶፍትዌር ጋር ነው። ስለ ስማርት ሲቲ፣ ማለትም ሥራዋን በቴክኖሎጂ ስለምታካሂድ ከተማ፣ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። በየስብሰባው የሚታዩትን ሥዕሎችም ታውቋቸዋላችሁ። ሕንጻን ከሕንጻ የሚያገናኝ ሰማያዊ መስመር፣ ንጹሕ ጎዳና፣ አንድም ሰው የሌለበት አደባባይ። ከዛች ማታ ወዲህ ግን ሁሉንም የማነበው በአንድ ጥያቄ ነው። ምልክቱ ከተላከ በኋላ ማን ይነሳል? ሴንሰሩ፣ ያ የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፣ "እዚህ ጋ ችግር አለ" ካለ በኋላ መሰላል ይዞ የሚወጣው ማን ነው? ባይወጣስ ማን ይጠይቀዋል?

(የማነሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው።)

በምወደው ታሪክ ልጀምር። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ሳውዝ ቤንድ የምትባል ከተማ አለች። ወደ 100 ሺህ ሰው ይኖርባታል። ስለ ስማርት ሲቲ ሲወራ ስሟን የሚያነሳ ብዙ አይደለም። ሥራዋ ከመሬት በታች፣ ያውም የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ይመስለኛል። ፍሳሽ ፎቶ አያምርበትም።

ችግሯ የብዙ አሮጌ ከተሞች ችግር ነው። የዝናብ ውኃና ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ዝናብ ሲከብድ ቱቦው ይሞላል። ሲሞላ ማጣሪያ ጣቢያው ሳይደርስ እንዳለ ወንዝ ውስጥ ይገለበጣል። ወንዙ ሴንት ጆሴፍ ይባላል፣ ከተማዋን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የተለመደው መፍትሔ መቆፈር ነው። ሰፋፊ ቱቦ መቅበር፣ ከመሬት በታች ትልልቅ ማጠራቀሚያ መሥራት። ዋጋው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። ያን ያህል ሕዝብ ላላት ከተማ የማይቀመስ ሒሳብ ነው።

ከተማዋ አጠገብ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ አለ። ተመራማሪዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ትንንሽ ገመድ አልባ መሣሪያዎች ላይ ይሠሩ ነበር። ከዛው የወጣ ኤምኔት የሚባል ትንሽ ኩባንያ ከከተማዋ ጋር ተስማማ። ከ2008 ጀምሮ ማንሆሎች ውስጥ፣ ወደ ቱቦው በሚወረድባቸው ጉድጓዶች፣ የውኃውን ከፍታ የሚለኩ ሴንሰሮች ተተከሉ። ቁጥራቸው ከ100 በላይ ደረሰ።

እኔን የያዘኝ ሴንሰሮቹ ያሳዩት ነገር ነው። አንዱ ቱቦ ሞልቶ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ፣ ራቅ ብሎ ያለው ሌላው ቱቦ ገና ቦታ አለው። ዝናብ ከተማ ላይ እኩል አይዘንብም። አንዱ ሰፈር ሲጥለቀለቅ ሌላው ጋ ያካፋል። ቱቦዎቹ ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ በኮምፒውተር የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች ተገጠሙ። አሠራሩ ከገበያ ጋር ይመሳሰላል። የተጨናነቀው መስመር ቦታ ይጠይቃል፣ የተረፈው ይሰጣል። ዝናቡ እየዘነበ፣ ማንም ሳይነካው።

ወደ ወንዙ የሚገባው ያልተጣራ ፍሳሽ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። በዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ጋሎን ነው። በሊትር ወደ 4 ቢሊዮን ይጠጋል።

ቁጥሩ ያስደንቃል። እኔ የበለጠ የወደድኩት ግን ብዙም የማይወራለትን ክፍል ነው። ዝናብ በሌለበት ቀንም ፍሳሽ ወንዝ ይገባ ነበር። ቱቦ ውስጥ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ይዘጋል፣ የተዘጋው ይገነፍላል። ድሮ ይህ የሚታወቀው ከገነፈለ በኋላ ነው። አሁን የውኃው ከፍታ ቀስ እያለ ሲጨምር ቀድሞ ይታያል። የጥገና ሠራተኞች ሳይገነፍል ይደርሱና ይጠርጉታል። በደረቅ ቀን የሚደርሰው መገንፈል ጠፋ ማለት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ቫልቭ አላስፈለገም። መልእክቱ ሲመጣ መኪናውን አስነስቶ የሚሄድ ሰው ነበረ፣ በቃ።

ነገሩ ከምን እንደተነሳም አስተውሉ። ከተማዋ የሚሸት ችግር ነበራት። ሕጉም ወንዙን አጽጂ እያለ ይዟታል። ሥራው የተነሳው ከዚህ ችግር ነው። አብዛኞቹ የከሸፉ የስማርት ሲቲ ታሪኮች ግን የሚጀምሩት በተቃራኒው ነው። ኩባንያ ዕቃውን ይዞ ይመጣና ዕቃው የሚሆንበት ችግር ይፈለጋል። እኔ ራሴ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ስላይዱ ሲያልቅ "ታዲያ ይህን የት እናውለው?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ያኔ ነው ቦርሳን ሰብስቦ መውጣት።

ቴክኖሎጂ ሲባል የግድ የሚተከል ነገር መሆን የለበትም። ናይሮቢን ውሰዱ። የከተማዋ ሰው በአብዛኛው የሚጓዘው በማታቱ ነው፤ በግል ሰዎች በሚሽከረከሩ ሚኒባሶችና አውቶቡሶች። መስመሮቹን ሾፌሩ ያውቃል፣ ረዳቱ ያውቃል፣ በየቀኑ የሚሳፈረው ሰውም የራሱን ያውቃል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ ግን አልነበረም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካዎቹ ኤምአይቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ግሩፕሾት ከተባለ ድርጅትም ጋር ሆኖ ሥራውን የጀመረው እንዲህ ነው። ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ ላይ ተሳፈሩ። ስልኩ በጂፒኤስ መንገዱን ይመዘግባል፣ ተማሪው ፌርማታዋን ስሟን ጽፎ ይይዛል። ከዚህ ጫፍ እዛ ጫፍ፣ ደግሞ በሚቀጥለው።

ከ130 በላይ መስመሮች ተለቀሙ። በጥር 2014 ካርታው ወጣ። አሠራሩን የወሰዱት ከትልልቅ ከተሞች የባቡር ካርታ ነው። እያንዳንዱ መስመር በቀለም፣ ለዓይን በሚቀል መልኩ። ዳታው ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ተለቀቀ፣ ቆይቶም ጉግል ማፕስ ላይ ገባ። ከተማዋም የራሷ ካርታ አድርጋ ተቀበለችው። እኔን ያስገረመኝ የማታቱ ሰዎች ነገር ነው። ካርታው ላይ ባዶ የሆነውን አቅጣጫ እያዩ አዲስ መስመር ማሰብ ጀመሩ። ኑሯቸው መንገዱ ላይ የሆነ ሰዎች፣ መንገዱን ከላይ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ለዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የተተከለ አንድም ሴንሰር የለም። በኪስ ያለ ስልክና በትዕግሥት የሚሳፈር ተማሪ ነው የሠራው።

ጃካርታም በዚሁ መስመር ነው የሄደችው። ከተማዋ በጎርፍ የታወቀች ናት። ነዋሪዎቿ ደግሞ ትዊተር ላይ ከማንም በላይ ከሚጽፉት መካከል ነበሩ። ከአውስትራሊያ የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ፣ የከተማዋ የአደጋ መከላከያ ቢሮና ትዊተር አንድ ላይ ሆነው በታኅሣሥ 2014 ፔታጃካርታ የሚባል ካርታ ሥራ ላይ አዋሉ። አንድ ሰው "ባንጂር" ብሎ ከጻፈ፣ በእነሱ ቋንቋ ጎርፍ ማለት ነው፣ ወዲያው መልስ ይመጣለታል። ጎርፍ እያየህ ከሆነ ቦታህን አብራና አረጋግጥልን ይለዋል። ያረጋገጠው ካርታው ላይ ይወጣል።

ቀላል ነገር ትመስላለች። ግን አስቡት። ሥርዓቱ ሰውዬው የጻፈውን ዝም ብሎ አልወሰደም። መልሶ ጠየቀው። የእኔን መብራት "ተፈቷል" ከማለቱ በፊት አንድ ሰው "በርቷል ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

ስልክ የሌለውስ? የሚለው ጥያቄ ቦስተን ውስጥ ተነስቷል። ከ2010 ጀምሮ የከተማዋ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አዳዲስ ሐሳብ የሚሞክር ትንሽ ክፍል አለ። እነሱ ስትሪት በምፕ የሚባል መተግበሪያ አወጡ። ስልክህን መኪናው ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ትነዳለህ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲናጥ ስልኩ ይሰማዋል፣ ቦታውን ይመዘግባል። የመጀመሪያው ዳታ ትርምስ ነበር። የባቡር ሐዲድ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ሁሉም "ጉድጓድ" ሆኖ ገባ። ሲጣራ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። መኪናውን ከሚንጡት ዋነኞቹ ከአስፋልቱ ጋር ያልተስተካከሉ የማንሆል ክዳኖች ነበሩ። ክዳኖቹ የብዙ ድርጅቶች ናቸው፤ የጋዝ፣ የመብራት፣ የስልክ። ከተማዋ ብቻዋን ልታስተካክል አትችልም፤ ባለቤቶቹን ጠርታ ማነጋገር ነበረባት።

ሌላው ጣጣ ደግሞ ማን ይመዘግባል የሚለው ነው። በዛን ጊዜ ስማርት ስልክና መኪና ያለው ሰው በየሰፈሩ እኩል አይደለም። ዳታውን ብቻ ካመንክ ጥሩ ስልክ ያለበት ሰፈር ብዙ ጉድጓድ ያለው ይመስላል። ጥገናው ወደዛው ይሄዳል። ቦስተኖች ይህን ቀድመው አይተውት መተግበሪያውን መጀመሪያ የሰጡት ለከተማዋ የመንገድ ተቆጣጣሪዎች ነው። እነሱ ሀብታም ሰፈር ድሃ ሰፈር ሳይሉ ሁሉንም ይነዳሉ። የሕዝቡ ዳታ እሱ ላይ ተጨማሪ ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን ብልሃት የሚያመጣው ከተማዋን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያስቸግረው ሽርክና ከውጭ ኩባንያ ጋር ያለው አይደለም። አንዱ መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር ያለው ነው። ሪዮ ዲ ጄኔሮ በሚያዝያ 2010 በከባድ ዝናብና በመሬት መንሸራተት ብዙ ሰው ሞተባት። መንገዱን አንዱ ያያል፣ ተራራውን ሌላው፣ አምቡላንሱን ሌላው። የዛኑ ዓመት የመጨረሻ ቀን የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም የተሳተፈበት የሪዮ ኦፕሬሽን ማዕከል ተከፈተ። ፎቶው የሚያሳየው ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ነው። ስክሪኑ ግን ብዙም አይገርመኝም። ወደ 30 የሚሆኑ መሥሪያ ቤቶች ሰዎቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጣቸው ይበልጥብኛል። ደብዳቤ ሳይጻጻፉ አንገት ዞር አድርጎ "ያንን መንገድ ዝጋው" ማለት ትልቅ ነገር ነው። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይገባዋል።

እስካሁን ደግ ደጉን ነው ያወራሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የድሩን ጫፍ ማን እንደያዘውም ማየት ነው።

ሳን ዲዬጎ በ2016 የመንገድ መብራቶቿን ልትቀይር ተስማማች። ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መብራት፣ እሱ ላይ ደግሞ ሴንሰርና ካሜራ። ለሕዝብ የተነገረው መኪና ይቆጥራል፣ እግረኛ ይቆጥራል፣ ክፍት ፓርኪንግ ያሳያል ተብሎ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ተተከሉ። በ2018 ፖሊስ ወንጀል ለመመርመር ቪዲዮውን መጠቀም ጀመረ። ብዙው ነዋሪ ይህን የሰማው በ2019 ነው። ሰው ተቆጣ። ወንጀል መመርመር መጥፎ ነው ያለ የለም፤ ጥያቄው ሌላ ነው። መብራት ነው ያላችሁን፣ መቼ ጠየቃችሁን? በ2020 ከንቲባው ሕግ እስኪወጣ ድረስ ይጥፉ ብለው አዘዙ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ካሜራው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከመብራቱ ነው። ካሜራውን ላጥፋ ካልክ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ሰው ያልጠየቀው ጥያቄ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

የቶሮንቶውን ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተብሎበታል። በጥቅምት 2017 የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ ሐይቁ ዳር ኪይሳይድ በሚባል ቦታ ላይ የወደፊቱን ሰፈር እሠራለሁ አለ። የሚሞቅ የእግረኛ መንገድ፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ሮቦት፣ ሁሉን የሚለካ ሴንሰር። ከዓመት በኋላ በግላዊ መረጃ ጥበቃ የታወቁት አማካሪያቸው አን ካቩኪያን ሥራውን ለቀቁ። ሰው በየመንገዱ ሲያልፍ የሚሰበሰበው መረጃ እዛው ማንነቱ ይሰረዝ ነበር ጥያቄያቸው፤ ሌሎች ተሳታፊዎችን ይህን አድርጉ ብሎ ማስገደድ አይቻልም ተባሉ። በግንቦት 2020 ኩባንያው የኢኮኖሚውን ሁኔታ ምክንያት አድርጎ ፕሮጀክቱን ተወው። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሥዕሎቹ ግን አሁንም ያምራሉ።

ባርሴሎናን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሴንሰሮቿ ነው። እኔ የወደድኩት ውሏን ነው። አዎ፣ ውል። ወረቀት። ፍራንቼስካ ብሪያ በ2016 የከተማዋ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ከሆነች በኋላ በግዢ ውሎች ላይ አንድ ነገር እንዲጨመር አደረገች። ለከተማዋ አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ በሥራው የሚሰበስበውን ዳታ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ ለከተማዋ ያስረክብ የሚል። ቮዳፎን ይህን ውል ከገቡት አንዱ ነው፤ በየወሩ ማስረከብ ነበረበት። ቀድሞ ዳታው የኩባንያው ነበር፣ ከተማዋ ካስፈለጋት ትለምናለች ወይ ትገዛለች።

ይህ ዜና አይሆንም። ሪባን አይቆረጥበትም። ግን ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ሳን ዲዬጎ የተቀደደው፣ ቶሮንቶም የተቀደደው እዚሁ ጋ ነው። አሁን አሁን አንድ ከተማ ከኩባንያ ጋር ተፈራረመ ሲባል ስሰማ ስንት ሴንሰር ሊተከል ነው ብዬ አልጠይቅም። ውሉ ሲያልቅ ዳታው ማን ጋ ይቀራል? ኩባንያው ቢዘጋስ? ጥገናው የማን ነው?

ጥገና ስል ሳን ፍራንሲስኮ ትዝ ትለኛለች። በ2011 ኤስኤፍፓርክ የሚባል ሙከራ ጀመረች። ከ8 ሺህ በላይ ሴንሰሮች ፓርኪንግ ላይ፣ አስፋልቱ ውስጥ ተቀበሩ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው። የትኛው መንገድ እንደሚሞላ፣ የትኛው ባዶ እንደሚውል አውቀህ የሚሞላውን ዋጋ ትጨምራለህ፣ ባዶውን ትቀንሳለህ። ሰውም ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር አይውልም። ሠራ። ብዙ ቦታ እንዲያውም ዋጋው ወረደ። ሴንሰሮቹ ግን ባትሪ አላቸው፣ ባትሪ ደግሞ ያልቃል። በ2013 መጨረሻ ተዘጉ። ሰዎቹ በዚህ አላዘኑም። እስከዛው ድረስ ከሴንሰሩ በቂ ተምረዋል። ከክፍያ ማሽኑ የሚመጣው ዳታ ብቻውን ግምቱን ለመሥራት እንደሚበቃ አዩ። በ2018 አሠራሩን ለመላ ከተማዋ ሲያደርጉት አንድም የተቀበረ ሴንሰር አላስፈለጋቸውም። መሣሪያውን ለመተው የማይፈራ ቢሮ ብርቅ ነው።

የተገናኘ ነገር ሁሉ ለማይፈለግ እጅም የቀረበ መሆኑን ደግሞ ዳላስ በሚያዝያ 2017 አይታዋለች። እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው 156 የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች በአንዴ ጮሁ። አውሎ ነፋስ የለም፣ ምንም የለም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሬድዮ ምልክት ነው የቀሰቀሳቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ጮኹ። ከ4 ሺህ በላይ ጥሪ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ጎረፈ። ማጥፋት ስላልተቻለ በመጨረሻ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ መንቀል ነበረባቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከሶፍትዌር ጋር ለሚሠሩ ጓደኞቼ አንድ ነገር እነዘንዛለሁ፦ ስታገናኙት መንቀያውንም አብራችሁ ሥሩ።

ወደ መብራቴ ልመለስ።

ሁለተኛ አመለከትኩ። "ተፈቷል" አለኝ። ሦስተኛ አመለከትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰላል የተጫነባት መኪና ምሰሶው ስር ቆማ አገኘሁ። ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው። ወጣት ረዳታቸው መሰላሉን ይዞላቸዋል።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ይሄ መብራት በስልክ ተሠርቷል ተብሎ ነበር" አልኳቸው።

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ኮምፒውተር የጻፈው ዝርዝር ነው። ሁሉም የምሰሶ ቁጥር።

"እኛ ጋ ካርታም ፎቶም አይመጣም ልጄ። ቁጥር ነው የሚሰጠን። በዚህ ቁጥር ሁለቴ መጥተናል። ምሰሶው እዛ ወዲያ ነው" አሉና በመንገዱ ጫፍ ያለውን አሳዩኝ። "ሞከርነው፣ ይሠራል። ይሠራል ብለን ዘጋን።"

"በቀን እንዴት ትሞክሩታላችሁ?"

ሳቁብኝ። ከዛ ወጡ። መብራቱ አናት ላይ ቀንና ሌሊትን የምትለይ ትንሽ ዓይን አለች። ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይኗን ሸፈኑት። መብራቱ መሽቷል ብሎ እንዲያስብ ነው። ጥቂት ጠበቅን። ምንም የለም። አምፖሉን ቀየሩና እንደገና በኮፍያቸው ሸፈኑት። አሁንም ጠበቅን። መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ቀስ ብሎ በራ። እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ሲወርዱ "ዛሬስ እንዴት አገኙት?" አልኳቸው።

"ሦስቴ አንድ ምሰሶ ተብሎ ሲመጣብኝ፣ አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ መንገዱን በሙሉ ኮፍያዬን ይዤ ሞከርኩት" አሉ። ስልክ ቁጥራቸውን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጽፈው ቀደው ሰጡኝ። ማታ ካልበራ እንድደውል፤ ከበራም እንድደውል።

በራ። ደወልኩ።

"እሰይ! እስቲ ምሰሶው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብልኝ፣ ቢሮ መዝገቡን ላስተካክል" አሉ።

ወጣሁ። ቁጥሩ ወገብ ከፍታ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ቀለሙ ለቋል። አዲሱ መብራት ከላይ ቦግ ብሎ እየበራልኝ፣ ጎንበስ ብዬ ብጠጋም የመጨረሻዋ አሃዝ 3 ትሁን 8 መለየት አልቻልኩም።